የአምስቱ በርጩማዎች ዕድሜ

የቅርስ አጣሪ ኮሚቴ ዘጠነኛ መደበኛ ስብሰባ በወሩ አሥራ አንደኛ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ በዕቃ ማቆያው ክፍል ተጀመረ።

የተገኙ፦ የሙዚየሙ ኃላፊ (ሰብሳቢ)፣ የእንጨት ሥራ ተመራማሪዋ፣ የጉምሩክ ተወካዩ፣ የአስጎብኚዎች ተወካይዋ፣ ጸሐፊው።

ያልተገኙ፦ አንድ አባል በፈቃድ፤ ሌላው አባል ከተመረጡ ጀምሮ ታይተው ስለማያውቁ በልማድ። ከሰባቱ አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተጠሩ፦ በሙዚየሙ በር ላይ እንጨት ጠርበው ለቱሪስት የሚሸጡት አዛውንት።

አጀንዳ 1፦ የተያዙት በርጩማዎች

የጉምሩክ ተወካዩ ከአዛውንቱ እጅ የተያዙ አምስት ባለ ሦስት እግር በርጩማዎችን አቀረቡ። ጥንታዊ የጎሳ ጥበብ ሆነው ከተገኙ አዛውንቱ በቅርስ ዝርፊያ እንደሚከሰሱ፣ የቱሪስት ማስታወሻ ከሆኑ ግን ዕቃቸውን ይዘው ቤታቸው እንደሚገቡ አስረዱ። አዛውንቱ አምስቱንም ባለፈው ክረምት በገዛ እጃቸው እንደጠረቧቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው አስተያየቱ ጠቃሚ ቢሆንም ከባለሙያ የመጣ አለመሆኑን በአክብሮት አሳሰቡ።

ተመራማሪዋ በመቀመጫዎቹ ላይ የሚታየው ወዝ የትውልዶች ውጤት ነው አሉ። አዛውንቱ ወዙ የመጣው ከፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው ቤት እንደሆነ፣ በርጩማዎቹን አውሰውት ተራ ጠባቂዎቹ ወር ሙሉ እንደተቀመጡባቸው አስረዱ። ተመራማሪዋም አንድ ማኅበረሰብ ለዕለት ኑሮው የተገለገለበት ዕቃ ቅርስ ካልተባለ ምን ሊባል ነው ሲሉ ጠየቁ። አዛውንቱ ቃላቸው እንዳለ እንዲሰፍር አመለከቱ፦

«ልጄ፣ አንቺን የመሰለ የተማረ ሰው ሥራዬን ሲያደንቅልኝ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ዛሬ ግን በሞቴ፣ የማይረባ ነው በይልኝ።»

ሰፍሯል።

የአስጎብኚዎች ተወካይዋ ስለ እንደዚህ ያለ በርጩማ ሲጠየቁ በሙዚየሙ በር ላይ መቶ ዓመት፣ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ሦስት መቶ ዓመት እንደሚሉ፣ ልዩነቱም ከመንገዱ ርዝመት የመጣ መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ሁለት መቶ ዓመት ለጊዜው እንዲያዝ አዘዙ።

አጀንዳ 2፦ የመቀመጥ ፈተና

ከረጅም ውይይት በኋላ እያንዳንዱ አባል በአንድ በርጩማ ላይ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የሚሰማውን እንዲያስረዳ ተወሰነ። ጸሐፊው ቆሞ መጻፍ እንደሚመርጥ ቢያመለክትም በድምፅ ብልጫ ተቀምጧል። የጉምሩክ ተወካዩ ምንም እንዳልተሰማቸው፣ ሰብሳቢው ግን ወገባቸው ላይ አንድ ጥንታዊ ነገር እንደተሰማቸው አስታወቁ። የጉምሩክ ተወካዩ ስለ ወገቡ ዕድሜ የሰጡት አስተያየት ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ አልተመዘገበም።

በዚህ ጊዜ ተመራማሪዋ፣ በርጩማዎቹ ትናንት የተጠረቡ ቢሆኑ እንኳ ኮሚቴው በጋራ ስለተገለገለባቸው አሁን የጎሳ ጥበብ ሆነዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የጉምሩክ ተወካዩ ኮሚቴ ጎሳ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። ስለዚህ ኮሚቴው ራሱን መረመረ። ሌላ ሰው የማይገባው የራሱ ቋንቋ እንዳለው፣ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ግን የማይጣስ ሥርዓት እንዳለው፣ ሽማግሌዎቹም ቦታ እንደማይለቁ ተረጋገጠ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ኮሚቴው ጎሳ፣ በርጩማዎቹም እውነተኛ የጎሳ ጥበብ እንዲባሉ ተወሰነ።

አዛውንቱ መቀመጫ ቢፈልጉም ሁሉም ተይዞ ነበር። እንደቆሙ ጠየቁ፦

«እንግዲህ ተዘረፈ የተባለው ጎሳ እናንተ ናችሁ። ታዲያ ጌቶቼ፣ ዳኛውም እናንተው ናችሁ?»

ጥያቄው ወደ አጀንዳ 3 ተላለፈ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው መመሪያውን አስመጥተው ባለጉዳይ የሆነ ወገን በራሱ ጉዳይ ሊፈርድ እንደማይችል አነበቡ። ኮሚቴውም ጎሳ በመሆኑ ሥልጣን እንደሌለው፣ ስለሆነም ዛሬ የወሰነው ሁሉ፣ ጎሳ መሆኑን ጨምሮ፣ እንዲሻር፣ በርጩማዎቹም የቱሪስት ማስታወሻ ተብለው ለሠሪያቸው እንዲመለሱ ወሰነ። ጸሐፊው ጎሳ መሆናችን ከተሻረ የሻርንበት ሥልጣን ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅም፣ እንዲጽፍ ተነግሮታል።

አዛውንቱ አመስግነው «በሉ እንግዲህ፣ ተነሡልኝ» በማለታቸው፣ ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አባላቱ ያለ ተቃውሞ በመቆም ተዘግቷል።