የአማቴ ንቦችና ስሙን ያላወቅሁት የጃፓን ጌም

ጌም የሚጫወት ትልቅ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። «ለልጆቹ ብዬ ነው የገዛሁት» ይላችኋል፤ ልጅ የለውም። «እኔ እንኳ ድሮ ነው የተውኩት» ይላችኋል፤ አውራ ጣቱን እዩለት፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ይህን የምለው የሰው ስም ለማጥፋት አይደለም፣ ራሴን እያጋለጥኩ ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፣ መቱ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ልጆቻችሁን ከጌም ቤት ጠብቁ» ብዬ ያስጨበጨብኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ከስብሰባው ለምን ተጣድፌ እንደወጣሁ ግን አትጠይቁኝ...

ነገሩ የጀመረው ተማሪ እያለሁ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጋሼ ሽኩር የሚባሉ ነጋዴ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ከፍተው ነበር። የከተማው ወጣት እዚያ የሚሰለፈው ለኳስ ነው። ከሲዲዎቹ መሀል ግን የማንም ዓይን ያላረፈበት አንድ ነበረ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ። አንድ ሰይፍ የታጠቀ ልጅ ከመንደሩ ወጥቶ አገር ሊዞር ይነሳል፣ ሰው ያነጋግራል፣ ቅጠላ ቅጠል ይሰበስባል፣ ጫካ ገብቶ ከአውሬ ጋር ይዋጋል፣ ይጠነክራል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጎል የለ፣ ዳኛ የለ፣ የእረፍት ሰዓት የለ። እኔ በዚህ ጌም ፍቅር ወደቅሁ።

«ይሄ ነገር የት ላይ ነው የሚያልቀው?» ብለው ጠየቁኝ ጋሼ ሽኩር አንድ ቀን።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው ጌም አይደለም፣ ኑሮ ነው» አሉና ሲዲውን ከመደርደሪያው ኋላ ወረወሩት።

ዛሬ ዛሬ እንዲህ ያሉትን የድሮ የጃፓን ጌሞች እያነሱ «ይሄ ተዘንግቶ ነው እንጂ ዕንቁ ነበር» የሚሉ አዋቂዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል። የኔ ዕንቁ ከነሱ መሀል የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አልደረስኩበትም። ስሙን ማንበብ አልቻልኩማ። ጋሼ ሽኩር በኋላ ጌም ቤቱን ዘግተው ወደ ፕላስቲክ ጫማና ጃንጥላ ንግድ ዞሩ፤ ለመቱ ዝናብ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለም። ሲዘጉ አሮጌውን ማሽን ከነሲዲው አስታቀፉኝ። «ውሰደው፣ አንተ ብትጦረው ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ አማቴ እንምጣ።

አማቴ እትዬ ዲንቄ ይባላሉ፣ ኑሯቸው ከመቱ ወጣ ብሎ ሁሩሙ ነው። ቡናም አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን ንብ አላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ዛፎች ብታዩ ከቅጠሉ ቀፎው ይበዛል። ባለፈው ሐምሌ ከገበያ ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ጄሶ ታሰረላቸውና «ስድስት ሳምንት እንዳይረግጡ» ተባለ። ባለቤቴ ሌንሳ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ሳሎኑ መሀል ፍራሽ ተዘረጋ፣ እግራቸው በትራስ ላይ ተሰቀለ። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትዞር የኖረች ሴት እንዲህ ስትታሰር ምን እንደምትመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሁለተኛው ሳምንት ከኛ ጋር ማውራት እንኳ ቀነሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዝናቡን ያዳምጣሉ። ሌንሳ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች።

አንድ ከሰዓት እትዬ ዲንቄ የተኙ መስሎኝ ማሽኑን ከቁም ሳጥን አወጣሁና ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዤ ድምፁን አጥፍቼ ጀመርኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም እትዬ። ጌም ነው።»

«እናት የለውም?»

«ያለችው ይመስለኛል። መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴትዮ ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ከዚያ ልጁ እንደ ልማዱ አንድ ቤት ዘው ብሎ ገባና ጥግ ያለውን ሳጥን ከፈተ።

«ቤቱ የሱ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ የሰው ሳጥን ምን አስከፈተው?»

«ጨዋታው እንደሱ ነው። እየገባ ያገኘውን ይወስዳል።»

እትዬ ዲንቄ ወደ ኩሽናው ተጣሩ። «ሌንሳ፣ ባልሽ ሀቱ ነው።» ሌባ ማለታቸው ነው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው ይሄን ነገር። ልጁን እኔ አሳድገዋለሁ።»

ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው። መቼም አስቤው አይደለም፣ አማት እጇን ስትዘረጋ ይሰጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። እትዬ ዲንቄ በማለዳ ተነስተው ፊታቸውን ይታጠቡና «አብራልኝ» ይላሉ። ልጁ ሳይጠሩት ሰው ቤት መግባት አቆመ። መንደሩ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ ባንድ ሰላም ይላል፤ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ማር ሻጯን ልጅ፣ ጉድጓድ አጠገብ የሚቀመጡትን ሽማግሌ። በስክሪኑ ላይ ጃፓንኛው ሲደረደር እትዬ ዲንቄ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዩና «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ይመልሳሉ። እኔ ለዘመናት ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ ሽማግሌውን ያነጋገርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ተሳስቼ።

ችግር የመጣው ጫካው ላይ ነው። ከመንደሩ ወደሚቀጥለው አገር የሚያልፈው መንገድ በጫካ ውስጥ ነው፣ ጫካውን የያዙት ደግሞ ንቦች ናቸው። መጨረሻ ላይ ወይፈን የምታክል ንግሥት አለች፤ እሷን ሳይገድል ያለፈ የለም። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደገደለችኝ አልቆጠርኩትም።

እትዬ ዲንቄ ንቦቹን ሲያዩ ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ካኒሳ ነው» አሉ፣ ንብ ነው ማለታቸው ነው። «እኔ ንብ አልገድልም።»

«እትዬ፣ የእውነት ንብ አይደለም እኮ።»

«ሰዎቹም የእውነት አይደሉም። እነሱን ግን ሰላም እላለሁ።»

በቃ ከንብ እየሸሹ፣ ከጫካው ዳር ቅጠል እየለቀሙ፣ ወደ መንደር እየተመለሱ ሰው እየጠየቁ ሦስት ሳምንት ሞላቸው። ከረጢታቸው ውስጥ ዘጠና ዘጠኝ የመድኃኒት ቅጠል ተከማቸ፤ ከዚያ በላይ ጌሙ አይቀበልም። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል። መንገድ ተዘግቶብኛል ብሎ የተቃጠለው እኔ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ሌንሳ እናቷን ለምርመራ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እኔ ቤት ቀረሁ። እዚህ ላይ ምን እንዳሰብኩ በሐቅ ልንገራችሁ፤ «ለእትዬ መንገድ ልክፈትላቸው» አልኩ ለራሴ። ውስጤ ግን የሚለው ሌላ ነበር፤ ዘጠና ዘጠኝ ቅጠል ይዞ የማያሸንፍ የለም ነው የሚለው። ማሽኑን አበራሁ፣ ጫካ ገባሁ፣ ከንግሥቲቱ ጋር ተያያዝን። ስትነድፈኝ ቅጠል እበላለሁ፣ ስትነድፈኝ ቅጠል እበላለሁ። አንድ ቅጠል ሲቀረኝ ወደቀች። ሙዚቃው ሲንቆረቆር ሶፋው ላይ ቆሜ ነበር። በዚያው ደስታ ሴቭ አደረግሁት። ጨዋታ የሚቀመጥበት ሚሞሪ ደግሞ ያለኝ አንድ ነው፣ የኔ የተቀመጠው የሳቸውን አጥፍቶ ነው። ይሄ የገባኝ የታክሲዋ ጥሩምባ ደጅ ላይ ሲሰማ ነው።

እትዬ ዲንቄ ገብተው እግራቸውን ሰቀሉና «አብራልኝ» አሉ። የመንደሩ ሰው አደባባይ ወጥቶ እየጨፈረ ነው።

«ሰርግ ነው?»

«ይመስለኛል» አልኩ።

ጫካው ሄዱ። ጸጥ ብሏል።

«ንቦቹ የት ሄዱ?»

«ዝናቡ ይሆናል እትዬ... ክረምት አይደል?»

«በክረምት ንብ ቀፎው ውስጥ ነው። ቀፎው የት ሄደ?»

ከረጢታቸውን ከፈቱ፣ አንድ ቅጠል። ወደ መንደር ተመልሰው ማር ሻጯ ልጅ ፊት ቆሙ። ልጅቱ ከባዶ ጠረጴዛ ኋላ ቆማለች። እትዬ ዲንቄ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጠው በነጠላቸው ሸፈኑት።

ሁለት ቀን አልነኩትም። በሦስተኛው ቀን «ቤቴ ውሰዱኝ» አሉ። ሌንሳ መኝታ ቤት ጠርታ አፋጠጠችኝ። «እናቴን በዚህ እግሯ የሁሩሙ ጭቃ ላይ ልታሰማራት ነው? ምን አድርገሃት ነው?» ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም። «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ መቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ አንድ ነው። ጋሼ ሽኩር ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለእትዬ ዲንቄ አዲስ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ንቢቱን ገድለሃል?»

«ገድያለሁ።»

«ቅጠሉን ጨርሰሃል?»

«አንድ አትርፌያለሁ።»

«ሴቭ አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ።»

ጋሼ ሽኩር ወደ እትዬ ዲንቄ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መግደሉን እንኳ በንዴት ነው እንላለን። ሴቭ ማድረጉ ግን ክፋት ነው።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ምን አደርግህ ነበር?» አሉኝ እትዬ ዲንቄ ቀስ ብለው። «እዚህ ተኝቼ እንድሄድበት የሰጠኸኝ አገር ነው። አንተው ሰጥተህ አንተው አበላሸኸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ያኔ ነው ያወቅሁት። እግራቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በጄሶው በኩል ስለነበር የሳምኩት ኖራ ነው።

ፍርዱ ተሰጠ። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እትዬ ዲንቄ አጠገቤ ተቀምጠው ያያሉ። ንብ አይነካም፣ ሰው ቤት አይገባም፣ ሰላምታ አይታለፍም። ቅጠሉ እንደገና ዘጠና ዘጠኝ ይሞላል። እንዲህ ሆነና ክረምቴ አለቀ። ዕድሜው አርባን ያለፈ አስተማሪ በየጠዋቱ ዳቦ ጋጋሪ ፊት እየቆመ የማይገባውን ጃፓንኛ ያዳምጣል። ልዝለል ስል «አላየኸውም?» ይሉኛል። ያን ጊዜ እመለሳለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን እንደ ሁልጊዜው የጉድጓዱን ሽማግሌ ሰላም አልኳቸው። ሽማግሌው ግን እንደ ሁልጊዜው አልመለሱም። ተነሱ። ከተቀመጡበት ስር መቅዘፊያ አወጡና ሰጡኝ። ከመንደሩ ጀርባ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ለሥዕል የተቀመጠች የሚመስለኝ ጀልባ ነበረች። ገባንባት። ሄደች። በጫካው ዳር አልፈን፣ ንቦቹን በሩቅ እያየን ወረድን። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ስንት ዘመን ሳየው የኖርኩት ወንዝ መንገድ መሆኑን አላወቅሁም።

እትዬ ዲንቄ አልገረማቸውም። «ሽማግሌው እኮ እስኪለምዱን ነው» አሉ።

ጳጉሜ ላይ ወንዙ ባሕር አጠገብ ካለች ከተማ አደረሰን። ጄሶው ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል፣ እትዬ ዲንቄ በረንዳው ላይ በደንብ ይራመዳሉ፣ ለሁሩሙ ሚኒባስ ሹፌር ለነገ ተነግሮታል። ስክሪኑ ላይ የከተማው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ንግግር ጀመረ። ጽሑፉ ስክሪኑን ሞላው፣ አለፈ፣ ደግሞ ሞላው። እትዬ ዲንቄ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ተከታተሉት።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«እግርሽ ድኗል፣ አሁን ቤትሽ ግቢ ነው የሚለኝ።»

ስክሪኑን አየሁት። ሳሎኑን አየሁት፤ ፍራሹን፣ ትራሱን።

«አይመስለኝም እትዬ። እኔ እንደማነበው፣ መስቀልን እዚሁ ዋይ ነው የሚለው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ። ሌንሳ ሻንጣ እያሰረች ከመኝታ ቤት ተጣራች፤ «እማዬ፣ መኪናው በስንት ሰዓት ይምጣልሽ?»

«መኪናው ይቅር» አሉ እትዬ ዲንቄ። «ባልሽ ገና ዛሬ ማንበብ ጀመረልሽ፣ ጥዬው ልሂድ?»