አጋዘን ያልገባበት በር

አጋዘኖቹ ሄዱ። እኛ አጥር ስናጥርላቸው ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምታችኋል፤ የእኛ ውሻ ከመጮኹ በፊት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር።

ያኔ ከሐርቡ በታች፣ ግራር በተበተነበት ሜዳ፣ ማማ ላይ ተቀምጬ የአባ ይማምን ማሽላ ከዝንጀሮ እጠብቃለሁ። ደመወዜ እራት ነው። ማሽላው ካልደረሰ እራትም የለም፤ ስለዚህ ሰማዩን ከባለቤቱ እኩል አየው ነበር። በልጉ መምጣት ከተወ ቆይቷል። ክረምቱም እንደ ባለሥልጣን ዘግይቶ ይመጣል፣ ጥቂት ያንጎዳጉዳል፣ ይሄዳል። ሣሩ አለቀ። ጅግራውና ከርከሮውም ተከተሉት። አጋዘኖቹን ያቆዩአቸው አንዲት ምንጭና የግራር ቅጠል ነበሩ።

ከደሴ አንድ ባለሙያ መጣና ሰበሰበን። የአየር ንብረት መለወጡን ነገረን፤ እኛ ድርቅ እንለው ነበር። የዱር እንስሳ የጠበቀ ቀበሌ ሞዴል ይሆናል፣ እንግዶችም ይጎበኙታል አለ። አጨበጨብን። አባ ይማም ሰብሳቢ ሆኑ፤ ምንጯም ለአጋዘን ብቻ ትታጠር ተባለ። ዝንጀሮ አልተቆጠረም፤ እሱን ለማየት ከደሴ ማን ይወርዳል? ለአጥሩ እሾህ ያስፈልጋል። ግራሩን ቆረጥነው።

«አባ ይማም፣ አጋዘኑ በየት ይገባል?» አልኳቸው።

«በር አለው።»

«ማን ይከፍትለታል?»

«አንተ። ከማማ አውርጄ ሹም ባደርግህ ትጠይቀኛለህ?»

«ማሽላውስ?»

«አብሽር፤ እንግዶቹ መጥተው እስኪመለሱ ነው።»

አጋዘኖቹ በማግስቱ ማለዳ መጡ። በሩን ከፍቼ ቆምሁ። ሰው ከፍቶ በሚጠብቀው በር የሚገባ አጋዘን ግን ገና አልተፈጠረም። አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተቆረጠውን ግራር አዩ፤ ወደ አፋር በኩል ቁልቁል ወረዱ። ከምንጯ ሊጠጡ የመጡትን ዝንጀሮዎች ግን በወንጭፍ መለስኳቸው። ሹመት ነዋ።

እንግዶቹ መጡ። አጥሩን አደነቁ። አንዱ «እንስሳቱስ የታሉ?» ሲል አባ ይማም ደረታቸውን ነፍተው «ግጦሽ ላይ ናቸው» አሉ።

ወላሂ፣ አልዋሹም። ውኃ የከለከልኳቸው ዝንጀሮዎች ጠባቂ የሌለው የአባ ይማም ማሽላ ውስጥ ገብተው፣ ጥማቸውን ሊቆርጡ አገዳውን እየሰበሩ ይመጥጡ ነበር።

ቀበሌያችን ሞዴል ተባለች። አባ ይማም ቤታቸውን ዘግተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሜዳው ላይ እኔና ዝንጀሮዎቹ ቀረን።