ፊታውራሪውና የበግ ሌባው

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ አያቱ ተራ ገበሬ የነበረ ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሁላችንም የፊታውራሪ ዘር ነን። ያን ሁሉ ፊታውራሪ ማን አርሶ እንዳበላው እግዜር ይወቅ!

አጎቴ ጋሽ ታፈሰማ ሰባት ቤት ቢቆጥሩ አንድ ተራ ሰው አይገኝባቸውም። አንድ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ፣ ዘሩ ከዌልስ የሆነው ጎረቤታቸው ዴቪድ እየሳቀ ገባ። የቤተሰቡን ታሪክ ከድሮ ደብዳቤና ጋዜጣ ሲለቃቅም ዓመታት ፈጅቷል። የዛሬውን ግኝቱን ፍሬም አስደርጎታል፤ ቅድመ አያቱ በግ ሰርቆ መታሰሩን የሚያወራ የጋዜጣ ቁራጭ ነው።

«ሳሎን ልሰቅለው ነው» አለ በኩራት።

ተረጎምኩላቸው።

«ኧረ ይሄ ሰው ምን ነካው? እንዲህ ያለው ጉድ ይሸፈናል እንጂ ይሰቀላል?» አሉ ጋሼ።

ዴቪድ ግን ደረቱን ነፋ። «ከመንደሩ ሰው ሁሉ ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣው የኛ ብቻ ነው!»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጋሼ በዘር ጉዳይ ተበልጠው አያውቁማ! ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገረው! ቅድመ አያቴ ፊታውራሪው የሰረቁት በግ አይደለም፤ ሰንጋ ነው። ያውም ሳይያዙ!»