በአፌ ያረገፍኩት ኒም

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የታመመው ሰውዬ ነው። ሌላው ሁሉ መድኃኒት አዛዥ ነው። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር መልስ ሲሰጣችሁ ፊታችሁን አየት አድርጎ "ሐሞት ነው ይኸ" ይላችኋል። ትስቃላችሁ አይደል? እኔም እስቅ ነበር... ራሴ ሐኪም ሆኜ እስክገኝ ድረስ።

ደጃችን ላይ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ከባለቤቴ ከዘነቡ ጋር በተጋባን ሰሞን የተከልነው ነው። የቆላን ፀሐይ ለማታውቁ ዛፍ ምን ያህል እንደሚወደድ ማስረዳት ይከብደኛል። የቆርቆሮ ቤታችን እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ይጋግራል፤ እኛ አልጋችንን አውጥተን ከኒሙ ስር እንውላለን። ከልቤ ነው የምወደው። ዘነቡ ደግሞ ከእኔ ሳታስበልጠው አልቀረችም።

በጥቅምት ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ የእርሻው ባለቤት በትራክተር እስኪወስዳቸው ጥላው ስር አረፉ። አንዱ የጎጃም ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ "ይኸ ዛፍ ለምን ይሆናል ጋሼ?" አለኝ።

"ለጥላ" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ሰሞኑን ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር ምላሴን አሳከከው። ሱዳኖች በቀንበጡ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ ቅጠሉን ቀቅለው እከክ የሚያጥቡበት አሉ፤ ነቀዝ እንዳይገባ እህል መሀል ይጨመራል አልኩ። አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ተባይ ከቀመሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እድገቱም ይቆማል አልኩ። የደም ስኳር ዝቅ ያደርጋል የሚሉም አሉ፣ ግን እርጉዝ እንዳትጠጣው፣ ዘይቱንም ለሕፃን እንዳትሰጡ አልኩ። "ለወባም የሚጠጡት አሉ፣ ግን ክኒኑን አይተካም" ብዬ ጨረስኩ።

በአገራችን ከ"ግን" በኋላ ያለውን ማን ይሰማል?

ሠራተኞቹ ለመንገድ የሚሆናቸውን ቀነጣጠሱ። ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ቀጥሎ ሰፈሩ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ቅጠል ሊለቅም መጣ። አንድ ጠዋት ብወጣ ጎረቤታችን አያ ደሴ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ በረጅም ዘንግ ኒሙን ይጎትታሉ።

"እንዴት አደሩ አያ ደሴ? ምን እየሠሩ ነው?"

"ለስኳሬ ትንሽ ልቀንጥስ ብዬ ነው ልጄ።"

ትንሽ ያሉት ሙሉ ቅርንጫፍ ነው።

"ከልክያቸው እንጂ" አልኳት ዘነቡን በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ እንዴ ያስተማርኳቸው?" ብላኝ ገባች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ። ቅጠሉ የመረረው ተባይ እንዳይበላው ነው። አንበጣ እንኳ ዞር ብሎ የሚያልፈውን ዛፍ የገንዳ ውሃ ሰው መላጣ አስቀረው። አዛዲራክቲን በጎረቤት ላይ አይሠራም፤ ይህን ስልኬ አልነገረኝም።

በዚያው ሰሞን ብርድ ብርድ አለኝና አንቀጠቀጠኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲታይ ወባ ነው። ነርሷ ክኒን ሰጠችኝና፣ "ሳታቋርጥ ጨርስ፣ ፈሳሽ አብዝተህ ውሰድ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ተኛ" አለችኝ።

ሁለቱን ትእዛዝ አከበርኩ። ለሦስተኛው ዘነቡ ቤቱ እንደ ምጣድ ስለጋለ አልጋዬን ከኒሙ አጥንት ስር ዘረጋችልኝ።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ጎረቤት ሁሉ ፔርሙዙን እያንጠለጠለ ገባ። ፔርሙዙ ሲከፈት ሽታውን አወቅሁት፤ የተቀቀለ ኒም ነው። አንዷ ትቀዳለች፣ ሌላዋ "የእኔንም ቅመስ" ትላለች። ክኒኑ ሥራውን ይሥራ ብዬ ከሁሉም ተጎነጨሁ እንጂ ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ወጥቷል።

በመጨረሻ አያ ደሴ ስኒ ይዘው መጡ። አልጋዬን አዩ፣ ላቤን አዩ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ወደ ላይ አዩ።

"ምነው ልጄ፣ በዚህ ትኩሳት ፀሐይ ላይ ያስተኙሃል? ጥላ የላችሁም እንዴ?"

ስኒውን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

"አለን እንጂ አያ ደሴ፤ ይኸው፣ ቀቅለው አምጥተውልኛል።"