የጋሽ ደበሌ ፒክአፕና የእኔ ጎማ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናው ማርጀቷን አያምንም። ያረጀው መንገዱ ነው፣ ነዳጁ ነው፣ ካልሆነም የቦሎ መርማሪው ነው። የሰፈራችን ክቡር ጋሽ ደበሌ የዚህ እምነት ሊቀመንበር ናቸው። ፒክአፓቸው የግመል ወተት ነጋዴ ሴቶችን ከቀብሪበያ ጅግጅጋ ታመላልሳለች፤ ጭሷ ቀድሟት ይደርሳል። ስለ ጤንነቷ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ካራማራን በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣ መኪና ምን ትሆናለች?»

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ግን ክቡርነታቸው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለምርመራው ከአንዱ ስፖኪዮ፣ ከሌላው የፍሬቻ አምፖል፣ ከመድኃኒት ቤቱ እሳት ማጥፊያ ይዋሳሉ። እምቢ የሚላቸው የለም፤ ሰፈሩም በተራው ከእሳቸው ይዋሳል። ለምርመራ የምትቀርበው መኪና የማን እንደሆነች እኔ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

አንድ ዓመት መርማሪው ዐብዲሓኪም «የእጅ ፍሬን ይያዙ» ሲላቸው፣ ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ምርመራውን ወደቁ። «የእጅ ፍሬን እኮ ከጎረቤት አይገኝም» እያሉ ሲያዝኑ ሰነበቱ።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ጎማ ሆነ። የእኔም ፒክአፕ የሳቸው ዓይነት ናት፤ የሳቸው ጎማ ግን ተላጭቶ አልቋል። «ቦሎ ካጣች ትራፊክ ታርጋዋን ይፈታል፣ ሴቶቹም ከነወተታቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ» አሉኝ። አራቱንም ለወጥንና አለፉ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ራሳቸው መልሰው ገጠሙልኝ፤ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ እኔ ለምርመራ ስቀርብ ዐብዲሓኪም ጎንበስ ብሎ «ጎማህ ተላጭቷል» አለኝ።

«አዲስ ነው» አልኩ።

«እየው እንግዲህ።»

አየሁት። ተላጭቷል። ለካ ጋሽ ደበሌ ስምንቱንም ፈተው ሲያበቁ የቱ የማን እንደሆነ ተደበላልቆባቸው ኖሯል።

ተናድጄ ሄድኩባቸው። ሁለቱን መኪኖች እያፈራረቁ አዩና «አቦ፣ ጎማ ሁሉ ጥቁር ነው» አሉ። ወተት ነጋዴዋ ደሃቦ ጄሪካኗን ይዛ ከፒክአፓቸው ኋላ ተቀምጣለች።

«ዋርያ፣ አትፍታው» አለችኝ። «በዚህ ሳምንት ጎማ አልፈነዳብንም፤ ወተታችንም ፀሐይ ላይ አልተበላሸም።»

የራሴን ጎማ «ለአንድ ቀን ያውሱኝ» ስል ራሴን ሰማሁት። ሳያቅማሙ ፈቱልኝ፤ ሳልጠይቃቸው ስፖኪዮአቸውንም ጨመሩልኝ።

አለፍኩ። ከዚያ ጎማዎቹን መልሼ ወሰድኩላቸው። የራሴን ንብረት ለምን እንደመለስኩ ብትጠይቁኝ በቅጡ አላውቅም። እኔ የምነዳው ከቤት እስከ ሱቄ ነው፤ እሳቸው ሴቶቹን ጭነው ቀብሪበያ ይመላለሳሉ። ደግሞም ሰውየውን እወዳቸዋለሁ መሰለኝ።

ጋሽ ደበሌ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየዳበሱ ተቀበሉኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«አደራ አዋቂ ልጅ ነህ» አሉኝ። «ሲቸግርህ ደግሞ መጥተህ ተዋስ።»