አቶ ኃይለጊዮርጊስ ስድስት ሳሙና አቅልጠው አንድ ያደረጉበት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሰኔ፣ የቤታቸውን ቬንቲላቶሬ፣ የነፋስ ማራገቢያውን፣ ጠግነው ባቃጠሉ በሁለተኛው ዓመት፣ የመጋዘን ቁልፍ ያዥ፣ ሁሉን አዋቂ፣ ምክር የማይደፍራቸው አቶ ኃይለጊዮርጊስ በአሰብ ከተማ በሳሙና ላይ ዘመቱ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። አማታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጃቸውን ከዚህ የእሳት አገር አውጥተው ሊወስዱ ቅዳሜ ከደሴ ይደርሳሉ ተብሎ ተሰማ። ልጃቸው ወይዘሮ አመለወርቅም የእናታቸውን እግር የሚያጥቡባቸው፣ ከአስመራ የተላኩላቸው፣ እንደ ብርሌ የጠሩ ስድስት የሽቶ ሳሙናዎች በሣጥን ነበሯቸው። ጀግናው ግን አይተው ናቋቸው፤ ለአማት የሚገባው ጡብ የሚያህል አንድ ሳሙና ነው ብለው፣ አቅልጠው ሊያዋህዷቸው ከሥራ ቀሩ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ጎሚስታው ይልቃል፣ የግቢው ዘበኛ ካሣ፣ አንዲት አንድ ዓይና ዶሮ።

ወእምዝ ረቡዕ ዕለት ሳሙናውን በድስት ፎርኔሎ ላይ ጣዱት፤ እሳቱንም ያለ ርኅራኄ አነደዱት፤ ሳሙናውም እንደ ሽሮ ተንተከተከ፣ አረረ፣ በትልቅ የሳርዲን ጣሳ ሲገለበጥም ፊቱ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ አረፋ በአረፋ ሆነ። አረቄ ሲረጩበት አረፋው እንደሚጠፋ አንድ መርከበኛ ነግሯቸው ነበርና ሙሉ ጠርሙስ አስመጡ፤ ሠራዊቱም ጠርሙሱን ከብቦ በጀግንነት ተዋጋው፤ ለሳሙናው የተረፈው የቡሹ ሽታ ነበር።

በዚያን ሰዓት ወይዘሮ አመለወርቅ ሣጥኑን ከፍተው ባዶ ቢያገኙት ከደጃፍ ቆመው አዋጅ ነገሩ፦

«ስማ ኃይሌ! እናቴ የምትመጣው ሻንጣዬን ልታሸክም ነው። ቅዳሜ እግሯን የማጥብበት ሳሙና ከሌለ ‹ሳሙና እንኳ ከማይገኝበት ቤት ምን አስቀመጠሽ› ትለኛለች፤ እኔም እሄዳለሁ!»

ጀግናው በአፋቸው ሳቁ፤ በልባቸው ግን የሻንጣውን ክብደት መገመት ጀመሩ።

ወበሣልስት ዕለት፣ ዓርብ፣ በዋዜማው ሐሙስ በጣሳው ላይ ተጣብቆ በመዶሻ የተፈለጠው ሳሙና፣ ሚስታቸው እንዳዘዙት የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ላይ በጎድጓዳ ሣህን ተጥዶ በዝግታ ቀለጠ፤ ጣሳው ዘይት ተቀባ፤ አዲስ የተገዛው አረቄም በዶሮዋ ጥበቃ ሥር ተቀምጦ ለሳሙናው ብቻ ተረጨ። ሳሙናው ጠርቶ ወጣ። ጀግናውም ይደርቅ ብለው እንደ ሻርክ ቋንጣ በገመድ አስረው ለባሕር ነፋስ ሰቀሉት፤ ሳሙናውም ከእሳቸው ይልቅ አላበው፣ ይንጠባጠብም ጀመር።

በዚህ ጊዜ ባለሱቋ ዘሀራ፣ ከባሕር ዳርቻው ከተማ ከዒድ ገና መመለሷ ነበርና፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አወጀች፦

«ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ! ሳሙናው የአሰብን አየር ጠጥቶ ነው የሚያልበው። ጠርጋችሁ በዘይት ወረቀት ጠቅልሉት፤ እስከ ነገም ነፋስ አታሳዩት። የምመክረው ለጽድቅ አይደለም፤ ይኼ ሰውዬ ቶሎ ጨርሶ ሥራ እንዲገባ ነው። አርባ ካርቶን ሳሙናዬ ከረቡዕ ጀምሮ መጋዘን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም ወላሂ ኪሱ ውስጥ ነው!»

ሠራዊቱ ሁሉ የጀግናውን ኪስ ተመለከተ። ጀግናውም ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ «መጋዘን ሰኞ ይከፈታል! በክንዴ የሠራሁት እያለ የነጋዴ ሳሙና ደጄን አይረግጥም!» ሲሉ አወጁ፤ ወረቀቱን ግን ራሳቸው ሮጠው አመጡ።

ቅዳሜ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከሾፌሩ ከውድነህ መኪና እስከ ቅንድባቸው አቧራ ለብሰው ወረዱ። ወረቀቱ ተፈታ፤ ሳሙናው ደረቅ ነበር። ወይዘሮ አመለወርቅ የእናታቸውን እግር አሹት፤ አረፋም ተነሣ፣ ትንሽ የማረር ሽታ ያለው። እናቲቱም የአርባውን ካርቶንና የስድስቱን ሳሙና ነገር እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አማቻቸውን ከእግር እስከ ራስ አይተው ፈረዱ፦

«ልጄ እዚሁ ትቆይ! ይኼን ሰው ብቻውን ብተወው ከተማውን ያቀልጠዋል። ድስቱን ግን እኔ ደሴ እወስደዋለሁ!»

ስለዚህ ሳሙና ቆልፈው ሳሙና ያጡ፣ ሦስት ቀን ተዋግተው በወረቀት የረቱ፣ ሚስታቸውን በድስት የዋጁ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ በአሰብ ምድር እድፍ እስካለ ድረስ ስማቸው ይወደስ፤ ሰኞም በማለዳ ቁልፉን ይዘው ይግቡ።