ጋሼ ክዳን እና የማይታዩት ሠራተኞቻቸው

ከተማ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ላይ ሦስት ነገሮች አብረው ይበቅላሉ፤ ያላለቀ ቤት፣ ያላለቀ መንገድ እና ሁሉን የሚያውቅ ጡረተኛ። ቤቱና መንገዱ እንደምንም አንድ ቀን ያልቁ ይሆናል። የጡረተኛው ነገር ግን ማለቂያ የለውም።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሼ ክዳን ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውስ የለም። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ማለትም ሰው ደህና በተቀመጠበት ከበስተኋላው መጥተው "ቲኬት!" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱን ተውት፤ አመሉ ግን እሳቸውን አልተዋቸውም።

የሚቆጣጠሩትም አላጡም። የከተማው የፍሳሽ መስመር እኛ ዘንድ ሳይደርስ ከዋናው መንገድ ማዶ ቆሞ ቀርቷል። እሱን ስንጠብቅ ማርጀታችንን ስናይ ዘጠና አባወራ ተሰብስበን ከሰፈሩ ግርጌ የራሳችንን ማጣሪያ ሠራን። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ቁልቁል ወርዶ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ ገንዳ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ አልፎ፣ ጠርቶ ይወጣና የመንገድ ዳር ዛፎችን ያጠጣል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። አንድ የሚከታተለው ሰው ብቻ ይበቃዋል ተባለ። ሁላችንም ጫማችንን ስናይ ጋሼ ክዳን ረጅም የብረት መንጠቆ ይዘው መጡ።

"ክዳኑን ማን ነካው?"

የጠዋት ሰላምታቸው ይኸው ነው። የገንዳው ክዳን የጣት ስፋት ያህል ተንሸራቶ ካገኙት ዘጠና በር ይንኳኳል። ከዚያ ወንፊቱ ላይ የተያዘውን በመንጠቆ እያወጡ ባለቤት ፍለጋ ይወጣሉ። ዳይፐር ከሆነ ሕፃን ያለበት ቤት፣ የተቃጠለ ዘይት ከሆነ ምግብ ቤቷ፣ ቁራጭ ጨርቅ ከሆነ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ። ልብስ ሰፊዋ አንዴ "ጋሼ፣ ጨርቅ ሁሉ የእኔ ነው እንዴ?" ብትላቸው፣ ከኪሳቸው ሌላ ቁራጭ አውጥተው ከለበሰችው ቀሚስ ጋር አስተያዩት። ገጠመ።

እኔና ባለቤቴ ሁለት ብቻ ነን፤ ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጥተዋል። ሁለት ሰው ምን ጥፋት ይወጣዋል? እሳቸው ግን በሳምንት አንዴ ሳይመጡ አይቀሩም።

"ጸሐፊው!" አሉኝ አንድ ጠዋት። የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ከመንጠቆው ጫፍ ጥቁር ካልሲ እየተንጠባጠበ ተንጠልጥሏል። "ይሄ የማን ነው?"

"የእኛ አይደለም ጋሼ።"

"በደንብ እየው።"

የካልሲው ጥንድ ከኋላዬ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት። "የእኛ አይደለም" አልኩ እንደገና። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን መልስ አልቀየርኩም።

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልናቸው። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ክዳኗ ጥብቅ ያለች ጠርሙስ አለች፤ ከማጣሪያው ጫፍ የቀዱትን ውሃ ይዘው ይዞራሉ። በጎረቤት ሠርግ ላይ ሙሽራው ንግግር እያደረገ ሳለ ጠርሙሷን አውጥተው ለአማቾቹ በብርሃን አሳዩአቸው። "ትናንት ይሄ ምን እንደነበር ገምቱ እስቲ" አሉ። አማቾቹ ገመቱ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ የቀረበውን መጠጥ የነካው የለም።

ውሃውን የሚያጠሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት መሆናቸውን ማጣሪያውን ከሠራው መሐንዲስ ከሰሙ ወዲህ ደግሞ "ሠራተኞቼ" ማለት ጀምረዋል። ዘይት ሲደፋ "ሠራተኞቼን አነቃችኋቸው!" ይላሉ። በረኪና ሲሸታቸውማ ጉድ ይፈላል። "እነሱ እረፍት አይጠይቁ፣ አያኮርፉ፤ እናንተ መርዝ ታጠጧቸዋላችሁ! በረኪና በጠብታ! በጠብታ ብያለሁ!"

እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም የምንወደድ ሰዎች አይደለንም። ወለላችን ላይ ጠብታ ካየን ቤቱን እንገለብጣለን፤ ቆሻሻው ከቧንቧው ካለፈ በኋላ ግን ከእኛ ጋር ዝምድና ያለው አይመስለንም። ለዚህ ነው ሰውዬውን ያልወደድናቸው። ያለፈውን መልሰው በር ላይ ያመጡብናል።

ታዲያ አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ደረሰን። ባለሙያ መጥታ ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ ትመረምራለች፤ ካላለፈ ይዘጋል፣ ሰፈሩም ወደ ድሮው ጉድጓድ ይመለሳል። ጉድጓዱን የምናውቅ እናውቀዋለን። በመጨረሻው ክረምት ጎርፍ ገብቶበት ሞልቶ ግቢ ለግቢ ሲፈስ፣ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ልጆች ተቅማጥ ይዟቸው ተኝተዋል። የልብስ ሰፊዋን ትንሿን ልጅ ለጥቂት ነው ያተረፍናት።

ጋሼ ክዳን በዚያው ሰሞን ሴት ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ለአራት ቀን ሄዱ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያ እረፍታቸው ነው። መንጠቆውን እንደ ሥልጣን ርክክብ በሁለት እጃቸው ሰጡኝና "ምንም አትንኩ" አሉኝ። "ምንም ማለት ምንም ነው፣ ጸሐፊው።"

እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንግዳዋ የምታየው ፍሳሹን ስለሆነ ፍሳሹን ላጸዳ ተነሣሁ። ኮሚቴውን ሰብስቤ የጽዳት ዘመቻ አወጅኩ፤ በየበሩ እየዞርኩ በረኪና አደልኩ፤ "ሁሉም በአንድ ሰዓት ይድፋ" ብዬም አዘዝኩ። ሰፈሩ በታሪኩ እንደዚያ ቀን ተባብሮ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። በአራተኛው ቀን ጋሼ ክዳን ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ቤታቸው ሳይገቡ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዱ። ክዳኑን ከፈቱ። አሁን ነው ጉዱ ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። አልጮኹም።

"ምን ጨመራችሁ?"

"በረኪና።"

"ስንት?"

"ሁለት ሊትር።"

"ለሰፈሩ?"

"ለየቤቱ ነው ጋሼ።"

ክዳኑን መለሱትና ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ቀን "ሠራተኞቼ" የሚሏት ቃል አላሳቀችኝም፤ አፈርኩ።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጣች። ሰፈሩ በሙሉ ከበባት። የቀዳችው ናሙና ድፍርስ ነው፤ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። "መርዝ ገብቶበታል። ማን ነው ያደረገው?" አለች።

ስድስት ዓመት "የማን ነው?" ሲሉ የኖሩት ሰው ከጎኔ ቆመዋል፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጥፋተኛ በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ስሜ ሲጠራ ለመስማት አንገቴን ደፋሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ክዳን። "ኃላፊው እኔ ነኝ፣ ጥዬ ሄድኩ።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ባለሙያዋ ግን ራሷን ነቀነቀችና አንድ ወር ሰጠችን። "ደህና ከሚሠራ ማጣሪያ ዝቃጭ አምጥታችሁ ጨምሩበት" አለች። "እንደ እርሾ ነው፣ አዲሶቹ ቀስ ብለው ይራባሉ። በወሩ እመለሳለሁ፤ ካልጠራ ግን እዘጋዋለሁ።"

እንደኛ ያለ ማጣሪያ ያለው ሰፈር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። የመምጠጫ መኪና ለማግኘት ደግሞ ሁለት ወር ወረፋ አለ። ስለዚህ እኔና ጋሼ ክዳን አራት ጀሪካን ይዘን በአውቶቡስ ሄድን። መሄዱስ ቀላል ነበር።

ስንመለስ ጀሪካኖቹ ሞልተዋል። እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው እርጥብ ቆዳ የያዘን ነጋዴ "ይህ አውቶቡስ ነው ወይስ ቄራ?" ብለው መንገድ ላይ ያስወረዱ ናቸው። አሁን መሐል ወንበር ላይ ዝቃጫቸውን በጉልበታቸው መሐል አቅፈው ተቀምጠዋል። መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከኋላችን የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው "የምን ሬሳ ነው እናንተ?" አሉ።

"ክዳኑን ማን ነካው?" አሉ ጋሼ ክዳን ዞረው።

ወጣቱ ቲኬት ቆራጭ ደረሰ። "አባባ፣ ምንድን ነው የያዙት?"

"ሠራተኞች። ከእኛ ጋር ስድስት ቲኬት ቁረጥ።"

ልጁ ጀሪካኖቹን አየ፣ እኔን አየ። እኔም እንደሳቸው ኮስተር ብዬ "ስድስት" አልኩት። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስን። በስተመጨረሻ ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያየን መስኮቶቹን ራሱ ይከፍት ነበር።

በወሩ ባለሙያዋ ተመለሰች፤ ውሃው አለፈ። ሰፈሩ አጨበጨበ፣ ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ጋሼ ክዳን ጠርሙሷን ወደ ፀሐይ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩና ወደ ኪሳቸው መለሷት። ከዚህ በኋላ እንኳ ጥቂት ቀን ያሳርፉናል ብዬ አስቤ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። መንጠቆው ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ካልሲ ተንጠልጥላለች፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ብትሆን ነው።

"ጸሐፊው! ይሄ የማን ነው?"

"የእኛ ነው ጋሼ" አልኩ።

ካልሲዋን አዩ። እግሬን አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

"ትጠብሃለች" አሉና ወደሚቀጥለው በር ሄዱ።